ለአዋሽ ሦስት ወሩን ተውለት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ከወንጂ ወረድ ብሎ አዋሽ ለሁለት ተከፍሎ መሀል ላይ ያስቀረው ግማሽ ሄክታር መሬት ከአንድ አባት ተከራይቼ አርሳለሁ። በበጋ አንደኛው ክንፍ ስለሚደርቅ በእግር ይገባል፤ ክረምት ላይ ግን ደሴት ይሆናል። አምና ለመስቀል ገበያ ይደርስልኛል ብዬ ሰኔ ላይ ሽንኩርት ተከልኩ። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ አራት ቀን ተኛበት። አንድ ኩንታል እንኳ አላነሳሁም። አሁን ኤክስካቫተር ያለው ሰው ‹ዙሪያውን ሜትር ተኩል የአፈር ክትር ልሥራልህ› ይለኛል። አከራዬ ደግሞ ‹ጎርፍ ማዳበሪያ ነው፣ ተወው› ይሉኛል። ጎረቤቶቼ ግድቡን ሆን ብለው ነው የሚለቁብን ይላሉ። ክትሩን ልሥራ? ወይስ መሬቱን ልመልስ? የጥበቃ ቤትም ልሠራበት አስቤ ነበር።»

መልስ፦ ክትሩን አትሥራ። መሬቱንም አትመልስ። ቤት ግን ፈጽሞ እዚያ እንዳትሠራ።

ከክትሩ ልጀምር፤ ገንዘብህን የሚበላው እሱ ነው። ግማሽ ሄክታሩን 50 በ100 ሜትር በለው። የአፈር ክትር እንደ አጥር ቀጥ ብሎ አይቆምም። ጎኑ ተንጋሎ ካልተሠራ ውሃ ሲነካው ይናዳል። ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ቢንጋለል፣ አናቱም አንድ ሜትር ቢሰፋ፣ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ክትር ከሥሩ 7 ሜትር ይይዛል። ዙሪያውን ስታሰላው ከ5,000 ካሬ ሜትርህ ውስጥ 1,900 ያህሉን ክትሩ ራሱ ይወስድብሃል። አፈሩ ደግሞ ከ1,600 ሜትር ኩብ ይበልጣል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ መቶ ጉዞ ማለት ነው። ሰውየው «ከዚያው ቆፍሬ አወጣዋለሁ» ካለህ፣ ለሙን የላይኛውን አፈር ገፎ ጉድጓድ ሊያስታቅፍህ ነው።

ይህን ሁሉ አውጥተህም አትድንም። ወንዙ አንድ ቀን ከሜትር ተኩል በላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ክትሩ ራሱ ጠላትህ ይሆናል፤ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። በአራት ቀን ይሸሽ የነበረው ሁለት ሳምንት ሊተኛብህ ይችላል። የወንዝ መሀል መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥሩ አሸዋ ነው። ውሃው ክትሩን ሳይሻገር ከታች ሰርጎ ይገባል። ወንዙን በአንድ በኩል ስታጠበው በሌላው በኩል መግፋቱም አይቀርም፤ ማዶ ያለው ጎረቤትህ ማሳ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የቀበሌና የፍርድ ቤት ነው።

«ታዲያ ወንጂ እንዴት ቆመ?» ትለኝ ይሆናል። የወንጂ ሜዳ ድሮ ረግረግ ነበር። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር፣ ከአገዳው ጋር ክትርም፣ የውሃ ማስወጫ ቦይም፣ በየዓመቱ የሚጠግን ሠራተኛም አብሮ መጣ። በሺዎች ሄክታር የሚቆጠር አገዳ ያንን ወጪ ይሸከማል። ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት አይሸከምም።

የጎረቤቶችህን ሐሜት ደግሞ እናጥራው። ከእናንተ በላይ ወንዙ ላይ ያለው ቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው በዋናነት ለኤሌክትሪክ ነው። ጎርፍ ይቀንሳል፤ ጨርሶ አያስቀርም። ከ60 ዓመት በላይ ከሸዋ ደጋ የታጠበ አፈር ሲጠራቀምበት ስለኖረ፣ ውሃ የሚይዝበት ሆዱ በደለል ጠቧል። ዝናቡ በበረታ ዓመት ክረምቱ ሳያልቅ ይሞላል። የሞላ ግድብ ካልተነፈሰ ግድቡ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ይለቀቃል። ማንም አንተን ሊጎዳ ብሎ አይደለም። ሆን ተብሎ ነው ብለህ ካመንክ ክረምት በመጣ ቁጥር የምትከሰው ሰው ስትፈልግ፣ ማየት ያለብህን ሳታይ ትቀራለህ። ማየት ያለብህ ደግሞ የላዩን አገር ሰማይ ነው። አዋሽ የሚነሳው ከጊንጪ አካባቢ ነው። የሆለታው፣ የአዲስ አበባው፣ የሞጆው ዝናብ ሁሉ ቆቃ ይገባል። አዳማ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ልብስ እያሰጣህ ወንዙ ሊሞላብህ ይችላል። ከቀበሌው ወይም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት «ውሃ ሊለቀቅ ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ በዚያው ቀን ዕቃህን አውጣ።

አከራይህ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ደለል ያፈራል። ግን ሁሉም ደለል አንድ አይደለም። ውሃ ፍጥነት ሲኖረው አሸዋ ይጥላል፤ ሲረጋ ደቃቁን ያሰፍራል። ስለዚህ ወንዙን ፊት ለፊት የሚጋፈጠው የደሴትህ አፍንጫ አሸዋ ይቀበላል። ለሙ ከኋላና ከመሀል ይቀራል። ውሃው ሲሸሽ ሄደህ እጅህ ላይ እሸው። እንደ ስኳር ከኮረኮረህ አሸዋ ነው። እንደ ሊጥ ጣትህ ላይ ከተለጠፈ ያ ነው የምትፈልገው። ደቃቁ ደለል ፎስፈረስና ፖታሽ ይዞ ይመጣል። ናይትሮጅኑ ግን ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ይባክናል፤ ከፊሉ ይታጠባል፣ ከፊሉ ወደ አየር ይተናል። ስለዚህ ከጎርፍ በኋላ የተተከለ ሰብል ቶሎ ቢጫ ሲሆን «ማዳበሪያ በዛበት» አትበል። ዩሪያ ጎድሎት ነው። ለሁለት ከፍለህ ስጠው እንጂ በአንዴ አትድፋው።

የሽንኩርትህን ነገር እንይ። ያረገፈው የውሃው ግፊት አይደለም። ሥር ይተነፍሳል። መሬቱ በውሃ ሲሞላ በአፈር ውስጥ ያለው አየር በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። ከዚያ ሥሩ መሞት ይጀምራል። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ ኮረቱ ይለሰልሳል፣ ይሸታል። ቲማቲምና ፓፓያም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ቀን ይበቃቸዋል። በቆሎ ቁመቱ ከጉልበት በታች ሳለ ከተያዘ አይተርፍም፤ ካደገ በኋላ ትንሽ ይችላል። አገዳ፣ ሩዝ፣ ጎደሬ፣ ዝሆን ሳር ይታገሣሉ። አንተ ውሃ የማይችለውን ሰብል መርጠህ በከፋው ወር ወንዝ መሀል አቆምከው። የመስቀል ዋጋ አጓጊ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ዋጋው የሚወደደው እኮ ያን ጊዜ ሽንኩርት ከውሃና ከበሽታ ማዳን ከባድ ስለሆነ ነው።

ከወንዝ ጋር አብረው የኖሩ ገበሬዎች ይህን ነገር ከእኛ በፊት ፈትተውታል። ጣና ዳር «ባሕር ሸሽ» የሚባል መሬት አለ። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ይከተላል፣ በቀረው እርጥበት ይዘራል። ፎገራ ላይ ሩዝ ከታጨደ በኋላ ጓያና ሽምብራ የሚበቅለው በዚሁ እርጥበት ነው። ጋምቤላ ባሮ ዳር አኙዋኮች ወንዙ ሲወርድ ዳርቻው ላይ በቆሎ ይዘራሉ። ታችኛው ኦሞ ላይ ካሮዎችና ዳሰነቾች የሚያውቁት ማሽላ የሙላት ማሽላ ነው። የኦሞ ወንዝ ግድብ ግልገል ጊቤ 3 በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ የኦሞ ሙላት ሲቀንስባቸው፣ የቀነሰው እርሻቸው ነው። እኛ የምናማርረው ጎርፍ ለእነሱ እንጀራ ነበር።

ይሁን እንጂ ልማድ ብቻውን ያድናል አልልህም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከወትሮው በላይ ሞልቶ ዳሰነች ላይ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል። በወንዙ መጨረሻ ባሉ ደሴቶች ላይ የነበሩትን መድረሻ አሳጥቷቸው ነበር። ወንዙን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የጥበቃ ቤት ስትለኝ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ዘበኛ ማለት እዚያ የሚያድር ሰው ነው። ሙላት ሌሊት ከመጣ፣ ከሽንኩርቱ በፊት የሚሄደው እሱ ነው። ጎጆም፣ ዳስም፣ ሸራም ቢሆን ከሰኔ 30 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሰው እዚያ እንዳያድር።

አሁን ምን ታድርግ? ደሴቷን የዘጠኝ ወር እርሻ አድርገህ ቁጠራት። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም የወንዙ ናቸው። ጥቅምትን ጠብቀህ ትቀበላለህ።

መጀመሪያ ከፍታዋን እወቅ። አከራይህን ይዘህ ሂድ፤ ዛፎቹን አብራችሁ እዩ። ግንዱ ላይ ያለው የደረቀ ጭቃ መስመር የአምናው ውሃ ፊርማ ነው። ዶኒ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ማሳቸው ዳር ያለ ሾላ ላይ ሦስት መስመር አሳይተውኛል። አንዱ ጉልበቴ ጋ፣ አንዱ ደረቴ ጋ፣ ሦስተኛው እጄን ዘርግቼ የማልደርስበት። የእያንዳንዱን ዓመት ያውቁታል። «ይቺኛዋ ልጄ የተወለደች ዓመት» አሉኝ፣ የላይኛዋን እያሳዩ። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢሮ ውስጥ አታገኝም። ከእያንዳንዱ መስመር ከፍታ አንፃር ማሳህ ላይ እንጨት ትከል። ጉብታው የት እንደሆነ፣ ዝቅታው የት እንደሆነ ያኔ ይገባሃል። ግማሽ ሄክታር እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ለዚህ ክረምት መሬቱን አትረስ። የታረሰ ባዶ አፈር ወንዝ ይዞት ይሄዳል። ቃርሚያውና ሳሩ እንዳለ ይቆይ። ሣሩ ውሃውን ያዘገያል፣ ውሃው ሲዘገይ ደቃቁን ደለል ይጥልልሃል። ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ ክረምቱ ሳይገባ የምትሠራው ይህን ነው።

ሽንኩርቱን አትተው፤ ወሩን ቀይረው። ችግኙን ደሴቷ ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ ቦታ፣ ምናልባት ቤትህ አጠገብ፣ መስከረም 10 ገደማ መደብ ሠርተህ አፍላ። ለሄክታር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዘር ይመከራል። ለሩብ ሄክታር 1 ኪሎ ይበቃሃል። ቦምቤይ ሬድም አዳማ ሬድም የሚባሉት የሽንኩርት ዝርያዎች አካባቢውን ያውቁታል። አጠገባችን ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ የሠራባቸው ናቸው፤ ለዘር ምክር ከደላላ በፊት እዚያ ጠይቅ። ችግኙ በ45 ቀኑ ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ውሃው ሸሽቷል፣ ፀሐዩ ጥርት ብሏል፣ የቅጠል በሽታው ቀንሷል። ጉብታው ላይ ከፍ ባለ መደብ ትከለው፤ በሞተር ታጠጣለህ። የካቲት ላይ ታነሳለህ። ከፊሉን ኅዳር መጨረሻ ብትተክለው ደግሞ ለፋሲካ ይቀርብልሃል። ፋሲካ ያለ ሽንኩርት ዶሮ አይሠራም፤ ገበያው የመስቀልን ያህል ባይሰቀልም የሚያኮራ ነው።

አንድ ነገር ግን አትቸኩል። ከዓመታት በፊት ለአንድ ገበሬ «ውሃው ሸሽቷል፣ ትከል» አልኩት። መስከረም 25 ነበር። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አይቼው ተማመንኩ። ከላይ ዘግይቶ የመጣ ውሃ በሳምንቱ ተመልሶ ገባ። ሙሉ ችግኙ ሄደ። ብድር ወስዶ ነበር። ያን ሰው አሁንም ሳገኘው ዓይኑን ማየት ይከብደኛል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ላዩን አይቼ ሥሩን አልመረመርኩም፣ ወሩንም አላከበርኩም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ሳላረጋግጥ ትከል አልልም። አንደኛው ጥቅምት መጋመሱ ነው። ሁለተኛው በአካፋ የሚደረግ ፈተና ነው። አንድ አካፋ ጥልቀት ቆፍርና ከታች ያለውን አፈር ጨብጥ። ውሃ በጣቶችህ መሀል ከወጣ ገና ነው። ድብልብል ሆኖ በአውራ ጣት ስትጫነው ከፈረሰ ደርሷል። አሽትተውም። እንደ ተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር የለውም፤ ሌላ ሳምንት ጠብቅ።

መሀለኛው ክፍል ጥቁር መሬት ከሆነ ሽምብራ ዝራበት። ጥቅምት ላይ ተዘርቶ በቀረው እርጥበት ይደርሳል፤ ሞተርም ነዳጅም ብዙ አይፈልግም። እሸቱን እየነቀልክ መሸጥ ትችላለህ፤ የሞጆና የደብረ ዘይት መንገድ ዳር በነዶ ሲሸጥ አይተሃል። ሽምብራው ሲነሳ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ፈጥኖ የሚደርስ በቆሎ ለእሸት ዝራ። ግንቦት ላይ እሸቱ ገበያ፣ አገዳው ለከብት። ሰኔ 30 ሲሞላ ማሳህ ላይ የምታዝንለት ነገር መኖር የለበትም። ይህን ቀን ግድግዳህ ላይ ጻፈው።

ጓያ ዝራ የሚልህ አይጠፋም፤ ርጥበት ይችላልና። ዝራው አልልህም። በብዛትና ለወራት ከተበላ እግር ያሽመደምዳል። ሌላ አማራጭ ያለው ሰው ምን አስገደደው?

ወንዙን የሚጋፈጠውን አፍንጫና ዝቅ ያለውን ዳር ደግሞ ለሳር ስጠው፤ ከመሬትህ ስድስተኛው ያህል ቢሄድ አትሰስት። ዝሆን ሳርና ሰስባኒያ የሚባለውን የመኖ ቁጥቋጦ አሰባጥረህ ጥቅምት ላይ ትከል። ክረምት ላይ የተተከለ ቁራጭ ይታጠባል፤ ጥቅምት ላይ የተተከለው ግን ለሚቀጥለው ሙላት ዘጠኝ ወር ሥር ሰድዶ ይጠብቃል። ያ ሥር አፈርህን ይይዛል። ክትር ይሆንልኛል ብለህ ያሰብከውን ሥራ ከፊሉን በነፃ የሚሠራልህ እሱ ነው። ሳሩን አጭደህ አዳማ ላይ ላሞች ላላቸው ሰዎች ትሸጣለህ። ወንጂ አጠገብ የአገዳ ጫፍ ስለሚወዳደርህ ዋጋው ብዙ አይደለም። ሰስባኒያ ፕሮቲን ስላለው ቀላቅለህ ስትሸጥ ይሻላል።

ከእርሻው ውጪ ያሉ አደጋዎችም አሉ። ጎማ ቦት ጫማ ግዛ፤ ወንጂ አካባቢ ያለው ውሃ ቢልሃርዚያ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ በባዶ እግር ቦይ ውስጥ አትቁም። ውሃው ሲሸሽ የሚቀሩት ኩሬዎች የወባ ትንኝ ይፈለፍሉባቸዋል፤ ከመስከረም ጀምሮ ትኩሳት ከተሰማህ «ጉንፋን ነው» ብለህ አትተኛ፣ ተመርመር። ጉማሬ ሌሊት ለሳር ይወጣል፤ በእሱና በወንዙ መሀል መቆም ሞት ነው። ለመጠጥ ጉድጓድ ቆፍሬ ልጠቀም ካልክም ተው። የወንጂ ከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ የአካባቢውን ሰው ጥርስና አጥንት ምን እንዳደረገ ታያለህ። አፍልቶ መጠጣት ፍሎራይዱን አያጠፋውም። ከከተማ ይዘህ ሂድ። ሙላት የነካውን ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ጎመን ደግሞ «አጥቤ እሸጠዋለሁ» አትበል። አዋሽ የአቃቂንና የሞጆን የፋብሪካና የመጸዳጃ ቆሻሻ ይዞ ነው የሚመጣው። ያንን የሚበላው የሰው ልጅ ነው።

ኪራዩንም አስተካክል። የአሥራ ሁለት ወር እየከፈልክ ዘጠኝ ወር ልታርስ ነው። አከራይህን በአክብሮት አስረዳቸው፤ የዘጠኝ ወር ዋጋ ተነጋገሩ። በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይሁን፣ ወረዳው ያስመዝግበው። ሳር የተከልክበትን መሬት በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ እንዳይሰጡብህ። ለሞተር ውሃ ማውጣትም ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው ጠይቅ። ሞተሩን ተሸክመህ ወይም በጋሪ የምታወጣው ቀላል ይሁን፤ በሲሚንቶ የተተከለ ሞተር ደሴት ላይ አይቀመጥም።

መሬቱን ለአከራይህ መመለስ ያለብህ መቼ እንደሆነም ልንገርህ። ሁለት ክረምት በተከታታይ ከግማሽ በላይ የሆነው ማሳህ ላይ ከአንድ ክንድ የበለጠ አሸዋ ከተጫነ፣ ወይም ወንዙ ዳሩን በየዓመቱ በሜትሮች እየናደ ከወሰደ፣ መንገዱን እየቀየረ ነው። ያኔ ሳርም ክትርም አይመልሰውም። ዛሬ ዳሩ ላይ ካለ አንድ ዛፍ እስከ ወንዙ አፍ ድረስ በእርምጃህ ለካና ቁጥሩን ጻፈው። ጥቅምት ላይ ተመልሰህ ለካ።